ባንክ ልግባ ወይስ ጀማሪው ድርጅት ዘንድ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይምከሩኝ። ባለፈው ዓመት ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሶፍትዌር ምሕንድስና ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ፣ እስካሁን በማርቆስ ለሱቆችና ለአንድ ክሊኒክ ጥቃቅን የኮምፒውተር ሥራ እየሠራሁ ቆይቻለሁ። አሁን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሥራ መጣልኝ። አንደኛው አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ የግል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ በዲጂታል ባንኪንግ ክፍል፣ በጀማሪ ባለሙያነት በ17,000 ብር ነው። ሁለተኛው ባሕር ዳር ያለ ስታርታፕ ነው፤ የገበሬ ማኅበራትንና የእህል ነጋዴዎችን በስልክ መተግበሪያ አገናኝቶ ከየሽያጩ ኮሚሽን ይወስዳል፤ ሠራተኞቹ አራት ናቸው። ደመወዙ 22,000 ብር ነው፤ መሥራቹ ዩኒቨርሲቲ ሳለን በሁለት ዓመት ይቀድመኝ የነበረ ልጅ ሲሆን «3 ፐርሰንት ድርሻም ይኖርሻል» ብሎኛል። ሲስተሙን የሠራው ፕሮግራመር በጥር ስለ ለቀቀ ሥራውን ሙሉ በሙሉ የምረከበው እኔ ነኝ። አባቴ እነማይ ወረዳ ጤፍ አራሽ ናቸው፤ ባንኩን ይመርጣሉ። አጎቴ ቢቸና መምህር ናቸው፤ ለባንኩ ዋስ ሊሆኑኝ ፈቅደዋል። ከእኔ ጋር የሚኖረው ወንድሜ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ነው። ጓደኞቼ ግን «ባንክ ገብተሽ ከምትቀበሪ ስታርታፕ ብዙ ያስተምርሻል» ይሉኛል። ለባንኩ እስከ ግንቦት መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ፤ ሁለቱም ቢሆኑ ሥራ የሚያስጀምሩኝ በሰኔ ነው። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ወደ ባንኩ ሂጂ እላለሁ። ይህን የምለው ግን አባትሽ በሚሉበት ምክንያት አይደለም፤ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ከትንሹ ይሻላል ብዬም አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰሽ ያለፍሽው አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ፕሮግራመሩ በጥር እንደ ለቀቀና ሥራውን በሙሉ አንቺ ብቻ እንደምትረከቢው የሚገልጸው። ያ ዐረፍተ ነገር ባይኖር ኖሮ ምክሬ ሌላ ሊሆን ይችል ነበርና ከሁሉ አስቀድሜ በእርሱ ላይ ልቆይ።

ጓደኞችሽ «ስታርታፕ ብዙ ያስተምራል» ማለታቸው ከነጭራሹ ስሕተት አይደለም። በትንሽ ድርጅት ውስጥ አንድ ሰው ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል፣ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ሰርቨር ያስተዳድራል፣ ሲያስፈልግም ደረሰኝ ይቆርጣል፤ በትልቅ ድርጅት ብዙ ዓመት የሚጠይቀውን የሥራ ዓይነት በአጭር ጊዜ ያያል። ነገር ግን ማየትና መማር አንድ አይደሉም። የአንቺ ሙያ በዋናነት የሚተላለፈው የበሰለ ባለሙያ የጀማሪውን ሥራ መስመር በመስመር እያነበበ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽው? ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት ያንኑ ኩንታል ቢገዛ ምን ይሆናል? ኔትወርኩ መሐል ላይ ቢቋረጥ ገንዘቡ የት ይቀራል?» እያለ ሲጠይቅ ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው በሌለበት ቦታ ጀማሪ የሚማረው ፕሮግራሙን ለዛሬ ማሠራት ብቻ ነው፤ ነገ እንዳይፈርስ ማድረግን አይማርም። ከዚያም የሚከፋው፣ ያላወቀውን የሚነግረው ስለማይኖር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱን ልምድ እንዳለው ባለሙያ ቆጥሮ ሌላ ቦታ ለፈተና ሲቀርብ ከማንም ጀማሪ እንደማይሻል የሚረዳው ያን ዕለት መሆኑ ነው።

አባትሽ በቅኔ ትምህርት የታወቀው የዲማ ጊዮርጊስ አገር ሰው ናቸውና ይህን ከእኔ በተሻለ ያስረዱሻል። በጎጃም የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ሲወጣ፣ ዋሸራ ልሂድ ወይስ ጎንጅ ብሎ የሚያጠያይቀው ስለ ደብሩ ስፋት ወይም ስለ አገሩ ቀለብ ሳይሆን አሁን ወንበሩን የያዘው መምህር ማን ነው ብሎ ነበር፤ መምህሩ ከሞቱ ወይም ከሄዱ ስመ ጥሩውን ደብር አልፎ ስሙ ወዳልተሰማ ጉባኤ ቤት ይሄድ ነበር። ባሕር ዳር ያለው ድርጅት በአሁኑ ሰዓት ወንበሩን የያዘ ሰው የለውም፤ አንቺን የሚጠራሽም ተማሪ እንድትሆኚ ሳይሆን ገና ሳትማሪ እንድታስተምሪ ነው።

የምትረከቢው ደግሞ ባዶ ሜዳ ሳይሆን ሌላ ሰው ጽፎት የሄደውን ሥራ ነው። የሌላ ሰው ፕሮግራም፣ የጻፈው ሰው በሌለበትና ማብራሪያ ባልተዘጋጀለት ሁኔታ፣ ለበሰለ ባለሙያም ቢሆን ከባድ ነው። የሰርቨሩና የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃል በማን እጅ እንዳለ፣ የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ በየስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ቅጂው መልሶ እንደሚሠራ ሞክሮ ያረጋገጠ ሰው ይኑር አይኑር ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? በጥር የለቀቀውን ልጅስ አነጋግረሽዋል? ሁለታችሁም በአንድ አካባቢ ሙያ የምትሠሩ ናችሁና ስልኩን ማግኘት አይቸግርሽም። ደመወዝ በጊዜ ይከፈል እንደ ነበር፣ የለቀቀው የተሻለ አግኝቶ ይሁን ተስፋ ቆርጦ፣ የተባለለትን ድርሻ ተቀብሎ ይሁን ሳይቀበል፣ ከእርሱ አንደበት የምትሰሚው ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅምሻል። እስከ ጥር ድረስ በዚያ ወንበር የተቀመጠው እርሱ ነበርና ለእርሱ የደረሰው ለአንቺም ሊደርስ እንደሚችል ቁጠሪው።

ባንኩን ደግሞ ከሚገባው በላይ እንዳላሳምረው ልጠንቀቅ። የአገራችን ባንኮች ዋናውን የሒሳብ ሥርዓታቸውን በአብዛኛው ራሳቸው አልሠሩትም፤ እንደ ቴሜኖስና ኦራክል ካሉ የውጭ ኩባንያዎች ገዝተው ይጠቀሙበታል። በዚህ ምክንያት በባንክ የቴክኖሎጂ ክፍል የሚቀጠር ወጣት ሁሉ ፕሮግራም ይጽፋል ማለት አይደለም፤ ከቅርንጫፍ የሚመጣ አቤቱታ ሲቀበል፣ የተረሳ የይለፍ ቃል ሲያድስና አታሚ ሲጠግን የሚውለው ብዙ ነው። ጓደኞችሽ «መቀበር» የሚሉት ይህን ከሆነ እኔም አልቃወማቸውም። አንቺ ግን የተመደብሽው በዲጂታል ባንኪንግ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል በየባንኩ የስልክ መተግበሪያውን፣ ከሌሎች የክፍያ ሥርዓቶች ጋር የሚደረገውን ትስስርና የደንበኛውን ገጽ የሚይዝ በመሆኑ፣ የራሱን ሥራ ራሱ የሚጽፍበት ዕድል ከሌላው ክፍል የሰፋ ነው። ትልቅ ድርጅት አዲስ ነገር አይሠራም የሚለውም በደፈናው የሚያዝ አባባል አይደለም፤ በ2013 ግንቦት ቴሌብርን ሥራ ላይ ያዋለው በአገሪቱ ካሉት ሁሉ አንጋፋ ከሆኑት መሥሪያ ቤቶች አንዱ እንጂ በጓዳ የተጀመረ ድርጅት አልነበረም።

ያም ሆኖ በክፍሉ ስም ብቻ አትመኚ። ለባንኩ የሰው ኃይል ክፍል መልስ ከመስጠትሽ በፊት ደውለሽ የምትሠሪበትን ቡድን ኃላፊ ለማነጋገር ፈቃድ ጠይቂ፤ ነውር የለውም፣ የተቀጠረ ሰው የሚሠራበትን ማወቅ መብቱ ነው። ኃላፊውን ስታገኚ ቡድኑ ራሱ የሚጽፈው ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ፣ አንቺ የጻፍሽውን ማን እንደሚያነብብ፣ ባለፈው ዓመት የገቡት ጀማሪዎች አሁን ምን እየሠሩ እንዳሉ ጠይቂ። መልሱ «መጀመሪያ ሁለት ዓመት የእርዳታ ዴስክ ላይ ትሠሪያለሽ» ከሆነ ወደ ባንኩ ሂጂ ያልኩበት ምክንያት ጉልበቱን ያጣል፤ ሁለቱም ቦታ መምህር የለምና ያን ጊዜ ምርጫው በገንዘብና በቤተሰብ ነገር ብቻ ይወሰናል። መልሱ ጥሩ ከሆነ ግን የሚያሰለቸውንም ነገር ታግሠሽ ተማሪው፤ አንዲት ቁልፍ ለመለወጥ የሦስት ክፍል ፊርማ የሚጠየቅበት፣ እያንዳንዱ ለውጥ ማን እንዳደረገው የሚመዘገብበት፣ ኦዲተር መጥቶ «ይህ ብር ለምን እዚህ ሁለት ጊዜ ታየ?» የሚልበት ሥርዓት ወጣት ያበሳጫል፤ ሆኖም የሰው ገንዘብ የሚያልፍበትን ፕሮግራም ለመጻፍ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት በአገራችን አላውቅም። የእህል ገበያውም መተግበሪያ ቢሆን የሰው ገንዘብ የሚያልፍበት ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ 22,000 ከ17,000 ይበልጣል ብለሽ ነገሩን አትዝጊው። መጀመሪያ ጡረታውን ጠይቂ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። በ17,000 ብር ላይ ባንኩ ከኪሱ በየወሩ 1,870 ብር ያዋጣልሻል ማለት ነው። የባሕር ዳሩ ድርጅት በሕጉ መሠረት ከሄደ 2,420 ብር ማዋጣት አለበት፤ ካልተመዘገበ ግን ይህ ገንዘብ የለም፤ ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ደግሞ «ሲረጋጋ እንመዘገባለን» እያሉ ዓመታት ያሳልፋሉ። ስለዚህ 22,000 የተባለው ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ነው ወይስ ተቆርጦ እጅሽ የሚገባ? ባንኮች በበኩላቸው ከደመወዝ ውጭ የሚሰጡት አለ፤ የሕክምና ወጪ፣ ዓመቱ አትራፊ ከሆነ የዓመቱ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ የሚከፈል ቦነስ፣ የተወሰነ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛም ከገበያው ባነሰ ወለድ የቤት ወይም የመኪና ብድር። ሁሉም ባንክ ሁሉንም አይሰጥምና የአንቺው ባንክ የትኛውን እንደሚሰጥ አስነግሪ። በተቃራኒው ደግሞ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አለ፤ ያለ ዘመድ ብቻሽን የምትከራዪ ከሆነ 17,000 ብር ለወንድምሽ የምትልኪውን ሊያሳጥር ይችላል፤ ይህን ሒሳብ ከምር ሥሪው።

ከደመወዙ መጠን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የደመወዙ ምንጭ ነው። ድርጅቱ የሚኖረው ከእህል ሽያጭ በሚገኝ ኮሚሽን ከሆነ ገቢው እንደ ገበሬው ዓመት ከፍና ዝቅ ይላል። አንቺ የጤፍ ገበሬ ልጅ ነሽ፤ የቢቸናና የአካባቢው ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ገበያውን እንደሚሞላው፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ጎተራው እንደሚቀንስ፣ ጭቃውም መኪና እንደማያሳልፍ ታውቂያለሽ። ሥራ የምትጀምሪው በሰኔ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ደመወዞችሽ የሚመጡት ድርጅቱ ከሁሉ ያነሰ በሚያገኝባቸው ወራት ነው ማለት ነው። መሥራቹን «አንድ ሽያጭ እንኳ ባይኖር በባንክ ያለው ገንዘብ ለሁላችን ስንት ወር ይከፍላል?» ብለሽ ጠይቂው። የስድስት ወር ነው ካለሽ ክረምቱን ታልፊያለሽ፤ የሦስት ወር ነው ካለሽ መስከረም ላይ ያለ ደመወዝ ልትገኚ ትችያለሽ። ቁጥሩን አልናገርም ካለሽም መልስ ሰጥቶሻል።

ሁለት ነገር ጨምረሽ ጠይቂው። አንደኛው፣ ሰርቨርና ሌሎች የቴክኖሎጂ አገልግሎቶች ብዙውን ጊዜ የሚከፈሉት በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኮሚሽኑን በብር እየሰበሰበ ወጪውን በዶላር የሚከፍል ድርጅት እንዲህ ያለውን ጊዜ እንዴት ነው የሚያልፈው? ሁለተኛው ለእኛ አካባቢ ሰው ማስታወስ አያስፈልግም፤ ነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚሠራ ድርጅት እንዲህ ያለ ነገር ቢደገም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም በሌላ መንገድ መሥራት የሚችልበት ዝግጅት አለው? ይህን ያሰበበት ወጣት መሥራች ካገኘሽ በእውነቱ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ የለምና ወዳጅነቱን አትጪ።

ስለ 3 ፐርሰንቱ ድርሻ፣ ለጊዜው ዋጋው ዜሮ ነው ብለሽ አስቢ። መሥራቹ ሊያታልልሽ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት ከልቡ ነው የተናገረው። ነገር ግን ድርሻ በቃል የሚሰጥ ነገር አይደለም። የድርጅቱ ንግድ ፈቃድ በግለሰብ ነጋዴ ስም ከወጣ የሚከፋፈል ድርሻ ከነጭራሹ የለም፤ ልጁ ሊሰጥሽ የሚችለው ተስፋ ብቻ ነው። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንም ፈቅዷልና እንዲያ ባለ ማኅበር ከሆነ ደግሞ አንቺን ለማስገባት የማኅበሩን ዓይነት መለወጥ ያስፈልጋል። ከአንድ በላይ አባላት ያሉት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢሆን እንኳ ስምሽ በማኅበሩ ሰነድ ላይ እንደ አባል እስካልገባ ድረስ ባለድርሻ አይደለሽም። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ባለድርሻ ብትሆኚም ትርፍ የሚከፋፈለው ትርፍ ሲኖር ነው፤ ድርሻሽን መሸጥ ብትፈልጊም ገዥውን ራስሽ ፈልገሽ አባላቱን ማስማማት ይኖርብሻል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ መጀመሩን ሰምተሽ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ የግል ማኅበር ግን ድርሻውን ለሕዝብ ማቅረብ ስለማይችል ያ ገበያ ለአንቺ ድርሻ በር አይከፍትም። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በሁለቱም ቦታ የሚገዛሽ ሕግ አንድ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አራት ሠራተኛ ያለውንም አራት ሺህ ያለውንም አይለይም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት ነው። ከሙከራ በኋላ መልቀቅ ስትፈልጊ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። እነዚህን ማንም ይነግርሻል። ብዙዎች የማያውቁት ግን ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቅበት ጊዜ ገደብ አለው፤ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ ስድስት ወር ካለፈ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። በትንሽ ድርጅት ውስጥ ይህ የሚጎዳው ደግ ሠራተኛን ነው። መሥራቹ ጓደኛው ስለሆነ «ይቸገራል እንጂ አይክደኝም» እያለ አንዱን ወር ለሌላው ያስተላልፋል፤ ጓደኝነቱ ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ አልፈው ይገኛሉ። ሕጉ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው ይላል፤ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ ግን ቅድሚያው ምን ይሠራል? ወደ ባሕር ዳር ብትሄጂም ባትሄጂም ይህን አትርሺ።

አባትሽ ባንኩን የሚመርጡት ስለሚጸና ይመስለኛል። እንዲህ ማሰባቸው አይገርምም፤ በእርሳቸው ዕድሜ ያለ የጎጃም ሰው ልጁን የሚመኝለት ደመወዙ በወሩ መጨረሻ የማይቀር ቦታ ነው፤ በ1953 የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስንቱን ቤተሰብ ሲያስተዳድር እንደ ኖረ ያየ ሰው ትልቅ ድርጅትን ቢያምን ይፈረድለታል እንጂ አይፈረድበትም። ግን ባንክም እንደ ድሮው የማይነቃነቅ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ወስኖ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሰጥቷል፤ በ2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ካፒታሉን ያላሟላ ባንክ ከሌላ ጋር መዋሐድ ሊመጣበት ይችላል፤ በውሕደት ጊዜ ደግሞ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ክፍሎች ሁለቱም እንዳሉ አይቀጥሉም። የአንቺ ባንክ የት እንደ ቆመ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ አለ፤ አንብቢው። ለአባትሽ ይህን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግሽም፤ ወደ እርሳቸው ሐሳብ ከመጣሽ በየትኛው ምክንያት እንደ መጣሽ ባይጨነቁበት ደስ ይለኛል።

የወንድምሽን ነገር በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን በሚመጣው ዓመት 12ኛ ክፍል መሆኑንና ብሔራዊ ፈተና መቀመጡን እያሰብኩ ነው። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት እንዲለውጥ አታድርጊ፤ ወደ ባሕር ዳርም ወደ አዲስ አበባም ይዘሽው አትሂጂ። ማርቆስ ከዘመድ ጋር ወይም ከታመነ የትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር ተከራይቶ ይጨርስ። ባሕር ዳር ብሆን እቀርበዋለሁ ብለሽ አስበሽ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ባሕር ዳርም ከ250 ይበልጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ሁለቱም ይዘጋሉ። የሚያስፈልገው የአንቺ በአካል መቅረብ ሳይሆን በየወሩ የማይቀር ገንዘብ ነው፤ ይህም ወደ ባንኩ ካደላሁባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሐሳቤን ሊያስቀይረኝ የሚችለው ምንድን ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ሦስት ወረቀት ነው። በጥር የለቀቀው ፕሮግራመር ወይም ሌላ የበሰለ ባለሙያ፣ በትርፍ ሰዓቱም ቢሆን እየተከፈለው ቢያንስ ለስድስት ወር ሥራሽን እያነበበ ሊያስተምርሽ የተስማማበት ውል፤ የድርጅቱ የባንክ ሒሳብ እስከ ታኅሣሥ ደመወዝ እንደሚችል የሚያሳይ መግለጫ፤ ጡረታሽ እንደሚመዘገብ የተጻፈበት የአንቺ የሥራ ውል። ድርሻው ይቅር፤ በደመወዝና በመምህር ከተስማማችሁ ድርሻው በሚመጣው ዓመት ይነሣል። እነዚህ ሦስቱ ከግንቦት ማለቂያ በፊት እጅሽ ከገቡ ባሕር ዳር ሂጂ፤ ለአባትሽም ይህን የመከርኩሽ እኔ መሆኔን ንገሪያቸው። «ይደርሳል፣ እያዘጋጀን ነው» ከተባልሽ ግን የባንኩን ቀን አታሳልፊ።

ወደ ባንኩ የምትሄጂ ከሆነ ለመሥራቹ በጽሑፍ መልእክት «ይቅርታ አልመጣም» ብለሽ አትጥፊ። ደውለሽ ወይም ባሕር ዳር ሄደሽ በግልጽ ንገሪው፤ ያልመጣሽው ሥራውን ንቀሽ ሳይሆን የሚያስተምርሽ ሰው ስለሌለ መሆኑን ይወቅ። ምናልባት ይህን መስማቱ ቀጣዩን ሰው ከመቅጠሩ በፊት የበሰለ ባለሙያ እንዲፈልግ ያደርገዋል። «ማታ ማታ እየሠራሽ እርጂኝ» ቢልሽ ግን እሺ አትበዪ፤ ባንኮች ሠራተኛቸው ሌላ ቦታ እንዳይሠራ በውላቸው ብዙ ጊዜ ይከለክላሉ፣ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ለመሰናበት ትልቅ ምክንያት አያስፈልገውም።

የመጨረሻው የአጎትሽ ጉዳይ ነው። ባንክ ለሠራተኛው ዋስ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ አጎትሽ ግን በፍቅር ተነሣሥተው ወረቀቱን ሳያነብቡ እንዳይፈርሙ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግልጽ እንዲሰጥና ዋሱ የሚገባበት የገንዘብ መጠን በውሉ እንዲጠቀስ ያዛል፤ መጠኑ ያልተጻፈበት ዋስትና ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቅጹ ላይ የብር መጠን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ ከቀረበ «በኋላ ይሞላል» ሲባል አይፈርሙ፤ ቁጥሩ ተሞልቶ፣ ከደመወዛቸው ጋር አመዛዝነው፣ ሊሸከሙት የሚችሉት መሆኑን ካዩ በኋላ ይፈርሙ፤ አንድ ቅጂም ይያዙ። አንቺም የምትፈርሚው ሌላ ወረቀት ሊኖር ይችላል፤ ባንኩ ሥልጠና ሰጥቶ ለተወሰነ ዓመት እንድታገለግዪ፣ ካልሆነ የሥልጠናውን ወጪ እንድትመልሺ የሚያስገድድ። ዓመቱ ስንት እንደሆነና የሚመለሰው ገንዘብ በየወሩ አገልግሎትሽ እየቀነሰ የሚሄድ መሆን አለመሆኑን ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የባሕር ዳሩ ልጅ አድጎ፣ የበሰሉ ባለሙያዎች ቀጥሮ ቢጠራሽ፣ መሄድ የምትችዪው ወይም የማትችዪው በዚያ ወረቀት ነው።